ቁልፍና ማኅተም፦ መልእክታችንን በምን እንጠብቅ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ ከፊታችሁ የቆምሁት ሊቅ ነኝ ብዬ ላስተምራችሁ አይደለም። የቆምሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ባለፈው ስብሰባችን አንዳንድ ወንድሞች «ማኅበሩ የራሱን የመልእክት መላላኪያ ፕሮግራም ይሥራ፤ ምስጢራዊ ጽሕፈቱንም ራሳችን እንፍጠረው» የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ በሚመጣው ሳምንት ድምፅ ልንሰጥበት ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ግን የግል ዕዳዬ ነው። ለችግረኛ ተማሪዎች መጽሐፍ መግዣ ከተዋጣው ገንዘብ 6,000 ብር መጥፋቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በገዛ እጁ የላከው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን ሁላችሁም አልሰማችሁም። እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ማታ ከገንዘብ ያዣችን ስልክ መልእክት ደረሰኝ። ስሙ የእርሱ፣ ፎቶግራፉ የእርሱ፣ ከዚያ በፊት የተጻጻፍነውም ሁሉ ከበላዩ ተደርድሮ ይታያል። «ወንድሜ፣ የመጻሕፍት ነጋዴው ዋጋ ሊጨምር ነው፤ ዛሬውኑ በዚህ ሒሳብ ላክለት» ይላል። ላክሁ። በማግሥቱ ጧት ገንዘብ ያዣችንን አግኝቼ «ነጋዴው ተቀበለ ወይ?» ብለው፣ «የትኛው ነጋዴ?» አለኝ። ለካስ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤት የደወለ መስሎ፣ በአጭር መልእክት የመጣለትን የማለፊያ ቁጥር አስነግሮት ኖሯል። በዚያ ቁጥር የእርሱን ስም ለብሶ ገባ።

አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ያ መልእክት በመንገድ ሳለ ማንም አላነበበውም። በሚገባ የተመሰጠረ ነበር። ሌባው የጻፈልኝን ከእኔና ከሌባው በቀር ያወቀ ሰው የለም! እንግዲህ ምስጢሩ ተጠበቀ፤ ገንዘቡ ጠፋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ መልእክት ጥበቃ ስንነጋገር የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ነው። የመጀመሪያው «ሌላ ሰው ያነበዋልን?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ምስጢራዊ ጽሕፈት ነው። ሁለተኛው «የጻፈው በእውነት እርሱ ነውን? በመንገድስ አልተለወጠምን?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የቀድሞ ነገሥታቶቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ በራስጌው ማኅተም ያትሙበት ነበር። ማኅተሙ የላኪውን ማንነት ያስረዳል እንጂ ቃሉን አይሸሽግም። ሰምና ወርቅ ደግሞ ቃሉን ይሸሽጋል እንጂ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ አያረጋግጥም። እኛ የምንፈልገው ሁለቱንም በአንድነት ነው።

ምናልባት «ይህ የመንግሥታትና የጦር አዛዦች ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። ቀድሞ እውነት ነበረ። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ጣሊያኖች የሠራዊታችንን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነብቡ እንደ ነበር፣ ይህም ከማይጨው ውጊያ በፊት እንደ ጠቀማቸው በታሪክ ተጽፏል። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ተማሪ በኪሱ የሬዲዮ ጣቢያ ይዞ ስለሚዞር፣ የአዛዡ ጭንቀት ለእኛም ደርሶናል። (ከእንግዲህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የራሳችንን እንፍጠር ወይ?

በመጀመሪያ ወደ ወንድሞቻችን ሐሳብ ልምጣ። ሐሳቡ ከመልካም ልብ የመነጨ ነው። «የባዕድ ሰው የሠራውን ቁልፍ በቤታችን በር ላይ ለምን እናንጠለጥላለን? ፊደል አለን፤ በፊደላችን የራሳችንን ምስጢር እንጻፍ» ይላሉ። በቅን ልቡና እንመርምረው።

ያቀረቡት ዘዴ ፊደልን መግፋት ነው። ዩልዮስ ቄሣር ሦስት ሦስት ፊደል እየገፋ ይጽፍ እንደ ነበር ይነገራል። በእኛ ፊደል 33 ዋና ዋና ሆሄያት በሰባት ሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ስለዚህ ጠላት የሚሞክረው 230 ግፊት ብቻ ነው። አንድ ታጋሽ ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፤ ለኮምፒዩተር ግን የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይሆንም።

«እንግዲያውስ በግፊት ሳይሆን በዕጣ እንለዋውጠው፤ ሀ በጨ፣ ለ በዙ ይተካ» ቢባል፣ እውነት ነው፣ የመለዋወጫው መንገድ ብዛት ከ400 በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። ይህን ሰምቶ የማይደነቅ የለም። ነገር ግን ቋንቋችን ራሱ ያጋልጠናል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በ«ነው» እንደሚያልቅ ቍጠሩ። ከአራት ነጥብ በፊት የቆመች፣ ሁለት ሆሄ ብቻ ያላት፣ ደጋግማ የምትመጣ ቃል የተገኘች እንደ ሆነ፣ ምን ዓይነት ጭንብል ብትለብስ እናውቃታለን። ከእርስዋ «ነ»ን እና «ው»ን እናገኛለን፤ «ው» ደግሞ በስንት ቃል መጨረሻ ላይ ይገኛል! እንዲህ እያሉ ሆሄያትን ቈጥሮ ምስጢርን መፍታት አዲስ ነገር አይደለም። አል ኪንዲ የሚባለው የባግዳድ ሊቅ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ዘዴውን በመጽሐፍ ጽፎት ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ «አሠራሩን ደብቀን ብንይዝስ?» ይል ይሆናል። ይህን በ1883 ዓመት ኦጉስት ኬርክሆፍስ የሚባል መምህር በፓሪስ በታተመ ጽሑፉ መልሶታል። የምስጢር ጽሕፈት አሠራር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባም፤ ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሠራሩን ሃምሳ የኮሚቴ አባሎች ያውቁታል፤ በየዓመቱም ተመርቀው ይሄዳሉ። ቁልፍ ቢጠፋ በአምስት ደቂቃ ይለወጣል፤ አሠራር ቢወጣ ግን ሁሉን እንደ ገና መሥራት ነው። ሰምና ወርቅም ጌጥነቱ እንዳለ ሆኖ ለዚህ ሥራ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ኅብረ ቃሉን ያወቀ ሁሉ ወርቁን ያወጣል፤ የሚለወጥ ቁልፍ የለውም።

እንግዲህ በምን እንመን? መልሱ በግልጽ በተፈተነ ነው። በ1977 የአሜሪካ መንግሥት ዲ.ኢ.ኤስ. የሚባለውን የምስጢር ጽሕፈት ደንብ አወጣ። ቁልፉ 56 ቢት ነበር፤ ይኸውም ወደ 72 ሺህ ትሪሊዮን የሚጠጉ ቁልፎች ማለት ነው። ገና ከጅምሩ ዲፊና ሄልማን የሚባሉ ሊቃውንት «ቁልፉ አጭር ነው» ብለው ጮኹ። በ1998 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ የግል ድርጅት ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ልዩ ማሽን ሠርቶ፣ አንድ ቁልፍ በ56 ሰዓት አገኘ።

ለእርሱ ምትክ የሚሆነውን ለመምረጥ በ1997 ውድድር ለዓለም ሁሉ ተከፈተ። አሥራ አምስት ሥራዎች ቀረቡ። ሊቃውንቱ አንዱ የሌላውን ለመስበር በአደባባይ ተሽቀዳደሙ። ከአምስቱ የመጨረሻ ተወዳዳሪዎች መካከል በ2000 ያሸነፈው ዳመንና ራይመን የተባሉት ሁለት የቤልጂግ ሰዎች የሠሩት ነበር። በ2001 ኤ.ኢ.ኤስ. በሚል ስም ደንብ ሆነ። ትንሹ ቁልፉ 128 ቢት ነው፤ የቁልፎቹም ብዛት 39 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። እስከ ዛሬም በሥራ ላይ የሚውል ጥቃት አልተገኘበትም።

«የባዕድ ቁልፍ» ለሚሉት ወንድሞቼ መልሴ ይህ ነው። አሜሪካኖች ራሳቸው የመረጡት የአገራቸውን ልጅ ሥራ አልነበረም፤ በፈተና የጸናውን ነው። አሠራሩ ለሁሉ ግልጽ ስለ ሆነ የማንም ርስት አይደለም። ቁልፉ ግን የእኛ፣ የብቻችን ነው።

ምስጢር ያለ ማኅተም

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ጽሕፈቱ ፈጽሞ የማይፈታ ቢሆን እንኳ ያለ ማኅተም ከንቱ መሆኑን በእርሳስና በወረቀት ላሳያችሁ።

አንድ አባል «መዋጮዬ 100 ብር ነው» ብሎ ቁጥሩን ይልካል እንበል። እርሱና ገንዘብ ያዡ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቁጥር 482 ነው። አኃዙን ከአኃዝ ጋር ይደምራል፤ ከ9 ያለፈ እንደ ሆነ አሥሩን ይጥላል። 1 እና 4፣ 5 ይሆናል፤ 0 እና 8፣ 8፤ 0 እና 2፣ 2። በመንገድ የሚሄደው 582 ነው። የምስጢሩ ቁጥር በዕጣ የወጣና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ፣ ይህን ጽሕፈት የዓለም ኮምፒዩተር ሁሉ ቢሰበሰብ አይፈታውም። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስረድቶታል።

አሁን በመንገድ ላይ የቆመውን ተንኰለኛ ተመልከቱ። 482ን አያውቅም። የመዋጮው ልክ 100 ብር መሆኑን ግን ያውቃል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏልና። ስለዚህ በመጀመሪያው አኃዝ በ5 ላይ 8 ይጨምራል፤ 13 ይሆናል፤ አሥሩን ጥሎ 3 ይጽፋል። ገንዘብ ያዡ 382 ይደርሰዋል። 482ን ሊቀንስ ሲጀምር ከ3 ላይ 4 አይቀነስምና አሥር ይበደራል፤ 13 ሲቀነስ 4፣ 9 ይሆናል። የቀሩት ሁለቱ 0 እና 0። መልእክቱ 900 ብር ሆነ! ተንኰለኛው አንዲት ፊደል ሳያነብ መልእክቱን ለወጠው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኮምፒዩተር ውስጥ አኃዝ 1 እና አኃዝ 9 የሚለያዩት በአንዲት ቢት ብቻ ነው። ምስጢራዊ ቁጥርን ከመልእክት ጋር እየቀላቀለ የሚሠራ ጽሕፈት ሁሉ ማኅተም ከሌለው ይህ ድካም አለበት።

መድኃኒቱ የመልእክት ማኅተም ነው። ላኪው መልእክቱንና አንድ የምስጢር ቁልፍ በተወሰነ የሒሳብ መንገድ አሳልፎ አጭር ምልክት ያወጣል፤ ምልክቱንም ከመልእክቱ ጋር ይልካል። ቁልፉ ያለው ተቀባይ ምልክቱን ራሱ እንደ ገና አውጥቶ ያስተያያል። አንዲት ቢት ብትለወጥ ምልክቱ አይገጥምም። ቁልፍ የሌለውም ሰው ትክክለኛውን ምልክት ሊያወጣ አይችልም። ከታወቁት አንዱ በ1996 የቀረበው ኤችማክ የሚባለው ነው።

ቅደም ተከተሉም ቀላል ነገር አይደለም። አስቀድሞ ማመስጠር፣ ከዚያ በተመሰጠረው ላይ ማተም ነው። ተቀባዩም መጀመሪያ ማኅተሙን ይመረምራል፤ ካልገጠመ ሳይከፍት ይጥለዋል። ይህን ያልጠበቁ ፕሮግራሞች ምን እንደ ደረሰባቸው ሰርዥ ቮድኔ የተባለ ሊቅ በ2002 አሳይቷል። ተቀባዩ መጀመሪያ ከፍቶ «መጨረሻው ተበላሽቷል» ብሎ ከመለሰ፣ ተንኰለኛው ልዩ ልዩ የተበላሸ መልእክት እየላከ ከመልሱ ብቻ ምስጢሩን በጥቂት በጥቂቱ ይለቅማል። ዘበኛው በሩን አልከፈተም፤ ነገር ግን ሌባው በጠየቀው ቍጥር «ቁልፍህ ትንሽ ቀርቶታል» እያለ መለሰለት።

እኛ ተማሪዎች ይህን ሁሉ በየራሱ ገጣጥመን እንዳንሳሳት፣ ማመስጠሩንና ማተሙን በአንድነት የሚፈጽሙ የተዘጋጁ ዘዴዎች አሉ። ሁለቱን ልጥቀስ። አንዱ ኤ.ኢ.ኤስ. ጂ.ሲ.ኤም. ነው፤ ለኤ.ኢ.ኤስ. የተሠራ ክፍል ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ እጅግ ይፈጥናል። ሁለተኛው ቻቻ20 ከፖሊ1305 ጋር ነው፤ ሁለቱንም የነደፈው ዳንኤል በርንስታይን ነው። ይህ ልዩ ክፍል በሌላቸው ርካሽ ስልኮች ላይ በደንብ ይሮጣል። ስለዚህ አብዛኞቻችን ለያዝነው ስልክ የሚስማማ ነው።

በሁለቱም ዘንድ አንድ ብርቱ ደንብ አለ። ከእያንዳንዱ መልእክት ጋር አንድ ተራ ቁጥር ይገባል፤ ያ ቁጥር በአንድ ቁልፍ ሥር ሁለት ጊዜ መግባት የለበትም። ከተደገመ የሁለቱ መልእክቶች መሸፈኛ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ አንዱን ከሌላው ሲቀንሱት መሸፈኛው ይጠፋል። ሶቪየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ሊሠራበት የሚገባውን የቁልፍ ገጽ በስሕተት ደጋግመው አትመው ነበር። በ1943 የተጀመረው ቬኖና የተባለው የአሜሪካኖች ሥራ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ብዙ መልእክት አነበበ፤ ይህም በ1995 ለሕዝብ ተገለጠ። ፈጽሞ የማይፈታው ጽሕፈት በቸልታ ተፈታ።

ቁልፉን ማን ሰጠኝ?

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ተገናኝተን የማናውቅ ሰዎች ቁልፉን እንዴት እንካፈላለን?» የሚል ነው። ዲፊና ሄልማን በ1976 ያሳተሙት ዘዴ፣ ሁለት ሰዎች ሌላው ሁሉ እየሰማቸው ተነጋግረው፣ ሰሚው የማያውቀውን አንድ ቁልፍ እንዲያገኙ ያደርጋል። አስደናቂ ነገር ነው። ነገር ግን ዘዴው ከማን ጋር እንደምትነጋገር አይነግርህም። በመካከል የገባ ሰው ለአንተ እኔን መስሎ፣ ለእኔ አንተን መስሎ፣ ከሁለታችንም ጋር ቁልፍ ሊካፈል ይችላል።

ስለዚህ ሲግናል በሚባለው ፕሮግራም፣ የእርሱን አሠራር ተቀብሎ በ2016 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ባዳረሰው በዋትስአፕም፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚባል ነገር አለ። ሁለት ወዳጆች ፊት ለፊት ተገናኝተው ቁጥሩን ያስተያዩታል፤ ከገጠመ በመካከላቸው ሰው የለም። የዚህ አሠራር ሌላው ጥቅሙ ቁልፉን በየመልእክቱ መለወጡ ነው፤ ዛሬ ስልክህ ቢሰረቅ፣ ቀድመው የተደመሰሱት መልእክቶች ቁልፍ አብሮ አይገኝም። ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት በቴሌግራም ግን ተራው የጽሑፍ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ይህን ጥበቃ የሚያገኘው «ምስጢራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ነው፤ እርሱም ለሁለት ሰዎች እንጂ ለማኅበር አይሆንም። ለማስታወቂያ ይበቃል፤ ለኮሚቴ ምክር ግን አይበቃም።

ማኅተምና ፊርማም ይለያያሉ። በማኅተም ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ቁልፍ ስለሚይዙ፣ አንዱ ያተመውን ሌላውም ሊያትም ይችል ነበር። ስለዚህ ለእኔ ያስረዳል እንጂ በሦስተኛ ሰው ፊት ምስክር አይሆንም። ለወዳጆች ጭውውት ይህ መልካም ነው። የገንዘብ ትእዛዝ ግን በጉባኤ ፊት የሚቀርብ ነገር ነው። ለእርሱ የሚያስፈልገው ፊርማ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ በያዘው ቁልፍ ይፈረማል፣ ማንም ሰው በግልጽ ቁልፉ ይመረምረዋል።

«ነገ ኳንተም ኮምፒዩተር ሲመጣ ሁሉ ይፈርሳል» የሚሉም አሉ። ፒተር ሾር በ1994 እንዳሳየው፣ የዛሬው ቁልፍ መካፈያ ዘዴ ሊፈርስ ይችላል፤ ባለ 256 ቢት ኤ.ኢ.ኤስ. ግን ይጸናል። ለቁልፍ መካፈያውም በ2024 አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ሲግናልም በ2023 ተመሳሳይ ጥበቃ ጨምሯል። እንግዲህ ይህ የሚያስፈራን ሳይሆን ፕሮግራማችንን በየጊዜው እንድናድስ የሚያሳስበን ነው።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

1ኛ/ ማኅበሩ የራሱን ምስጢራዊ ጽሕፈት አይፍጠር። ፕሮግራም የሚጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ከጠቀስኋቸው ከሁለቱ ዘዴዎች አንዱን፣ በታወቀ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ይጠቀሙ።

2ኛ/ የኮሚቴ አባሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያመሰጥር፣ አሠራሩ በግልጽ በተመረመረ ፕሮግራም ይነጋገሩ፤ የማረጋገጫ ቁጥራቸውንም በመጀመሪያው ስብሰባ ፊት ለፊት ያስተያዩ።

3ኛ/ በአጭር መልእክት የሚመጣ የማለፊያ ቁጥር ለማንም አይነገር። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2017 ይህን መንገድ በጥንቃቄ ብቻ ከሚፈቀዱት መድቦታል። እያንዳንዱ አባል ሁለተኛ የማለፊያ ቃል ያክልበት።

4ኛ/ ማናቸውም ገንዘብ ያለ ሁለት ሰዎች ፊርማ አይውጣ። ፊርማው እስኪዘጋጅ ድረስ ደውሎ ድምፅን መስማት ግዴታ ይሁን። እኔ ያን ማታ አንድ ጊዜ ብደውል ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባላደረግሁም ነበር።

ወንድሞቼ ሥራቸውን እንዲተዉ አልጠይቅም። ቁልፍ ሠሪ መሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቁልፍ መስበርን ይማራል፤ የኤ.ኢ.ኤስ. ተወዳዳሪዎችም እንዲሁ ነበሩ። ስለዚህ አብረን የምንሰብርበት የጥናት ክበብ እናቋቁም። ነገ ጧት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በዕጣ በተለዋወጠ ፊደል የተጻፈ አንድ ገጽ አማርኛ እለጥፋለሁ። እስከ ድምፅ መስጫው ቀን ማንም ካልፈታው፣ የተናገርሁትን ሁሉ ትቼ ከእነርሱ ጋር ድምፄን እሰጣለሁ።

6,000 ብሩን በየወሩ ከኪሴ እየከፈልሁ ነው፤ ሁለት ሺሁ ገብቷል። መጽሐፍ ሳይገዛላቸው የቀሩትን ጓደኞቻችንን ግን በዚህ አጋጣሚ በሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።